በዘቢብ ሜዳ ስም ከውሃ ይቀድማል

ከደጋው ቁልቁለት ተወርዶ፣ አቧራና ግራር ብቻ የሆነው በረሃ ዓይን ሲያታክት ከቆየ በኋላ፣ መንገዱ አንዲት ጉብታ ይዞርና ድንገት አረንጓዴ ይሆናል፤ ይህ ዘቢብ ሜዳ ነው። ከተማዋ ከሩቅ ስትታይ ቤት ያላት አትመስልም፤ ጥላ ብቻ ናት። በየመንገዱ ዳርና ዳር ጠባብ የውሃ ቦይ ይወርዳል፣ በቦዩ ግራና ቀኝ ዋርካውና ሾላው ተቃቅፈው ቆመዋል፣ በየግቢው ደግሞ የወይን ሐረግ በእንጨት ላይ ተዘርግቶ ጣሪያ ሆኗል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁም ከጥላ ሥር ይቆምና ሹፌሩ ከኋላ ወንበር ላይ እግሩን ወደ ውጭ አውጥቶ ይተኛል። ፀሐይ ስትበርድ ወንበር ወደ ቦዩ ዳር ይወጣል፣ እግር ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ቤት የተጠመቀ የወይን ጠጅ ይቀዳል። የሚቸኩል ሰው ካዩ «ምነው፣ ፀሐይቱ እንኳ አልቸኮለች» ይሉታል።

እንዲህ በምንም ነገር የማይቸኩሉት ሰዎች በአንድ ነገር ብቻ ይቸኩላሉ። ደጃቸውን ያንኳኳ እንግዳ ውሃ ከማግኘቱ በፊት፣ እንዲያውም «ደህና ዋልክ» ከመባሉም በፊት፣ «ማን ልበል? እናትህስ ማን ትባላለች?» ተብሎ ይጠየቃል። በሌላው አገር «ቤቶች!» ብሎ የገባ ሰው መጀመሪያ ወንበር ይሳብለታል፤ እዚህ ግን ስሙንና የእናቱን ስም ሳይናገር ከደጃፉ አያልፍም። እኔም በመጀመሪያው ቀን ተቀይሜ ነበር፤ ጉሮሮዬ እንደ ቆዳ ደርቆ የዘር ሐረግ ልቁጠር ወይ ብዬ አጉረመረምኩ። ያረፍኩበት ቤት እመቤት ወይዘሮ ትርንጎ ማኩረፌ ገብቷት፣ ማምሻውን ከሽማግሌዎቹ ጋር ከቦዩ ዳር አስቀመጠችኝና ነገሩን ከሥሩ አስነገረችኝ። የሰማሁትን እንደ ሰማሁት እጽፈዋለሁ።

በጥንቱ ዘመን የዘቢብ ሜዳ ሥርዓት የዛሬው ተቃራኒ ነበር ይባላል። ያኔ ከበረሃ የመጣን ሰው ስሙን መጠየቅ ነውር ነበር። እንግዳ ይጠጣል፣ ይበላል፣ ከወይኑ ጥላ ሥር ተጋድሞ ላቡ ይደርቅለታል፤ ስሙ የሚጠየቀው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ምክንያቱም ያ አገር የደም አገር ነበርና፣ ቦዮቹን ከሚሞላው ወንዝ ወዲህና ወዲያ የነበሩት ወገኖች በግጦሽና በውሃ ሲገዳደሉ ኖረው ደመኛ የሌለው ቤት አልነበረም። ስሙን አስቀድመው ቢጠይቁት ደመኛቸው ሆኖ ቢገኝስ? ውሃ ሊነፍጉት ነው፤ በዚያ በረሃ ደግሞ ውሃ መንፈግ ከመግደል አይለይም። ስለዚህ አባቶች «ጥሙ ይቅደም፣ ስሙ ይከተል» ብለው ደነገጉ። ስሙ ሳይታወቅ ውሃውን የጠጣ ሰው ኋላ ደመኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ በሰላም ይሸኝ ነበር። ደግ ሥርዓት ነው፤ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ቢያስብ ከዚህ የተሻለ አያወጣም።

ሌላም ጨዋነት ነበራቸው፤ ይህኛውን እኛም እናውቀዋለን። በእንግዳ ፊት ሐዘን አይወራም። እህል ይዞ ሳለ የቤት ጉድ አይነገረውም፤ የሞተ ቢኖር «ደህና ነው» ይባላል፣ የጠፋ ቢኖር ዝም ይባላል። እንግዳው የራሱ ድካም ይበቃዋል፣ የባለቤቱን ሸክም አይጨመርበትም ይሉ ነበር። እነዚህ ሁለት መልካም ልማዶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ጥላ ሥር ተገናኝተው የአንዲትን ሴት ቤት አፈረሱ።

ሴትዮዋ አስካለ ትባላለች። ባሏን ጓንጉል የሚባል የወንዙ ማዶ ሰው ገድሎባት፣ ባሏ በእጁ የተከለውን የወይን ቦታና አዝመራው የሚባል አንድ ልጅ ይዛ ቀርታ ነበር። ቤቷ በከተማዋ ታችኛው ጫፍ ስለነበር የውሃ ተራ የሚደርሳት ከሁሉ በኋላ ነው። ተራን የሚያከፋፍለው የውሃ አባት የሚባለው ሹም ሲሆን፣ ተራውን ያሳለፈ ሰው ሌላ ተራ እስኪመጣለት ድረስ ወይኑ እያየው ይጠወልጋል እንጂ ማንም አይደርስለትም ነበር፤ ሕጉ ለሹሙም ለድሃውም አንድ ነበር።

አንድ በጋ፣ ወይኑ ፍሬ በያዘበት ሰሞን፣ አስካለ አሟት ተኝታ ስለነበር አዝመራው ውሃውን እንዲጠብቅ ተላከ። ገና ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ነበር። ውሃው እስኪደርስ ብሎ ከሾላ ሥር ቁጭ አለ፣ ሙቀቱ አዳከመውና እንቅልፍ ወሰደው፤ ውሃው መጥቶ ክትሩን ሰበረና በወይኑ ጎን አልፎ አሸዋው ውስጥ ሰመጠ። በዚያ ዓመት የወይኑ እኩሌታ ደረቀ። አስካለ ከሕመሟ ተነስታ፣ ባሏ የተከለውን ግንድ በእጇ ስትይዘው ቀጭ ብሎ ሲሰበር ጊዜ፣ ልጇን ቀና ብላ አየችውና፣

«የአባትህን እጅ አደረቅከው! ሁለተኛ ስምህ ከአፌ አይወጣም!» አለችው።

የተናደደችው በልጁ አልነበረም፤ በባሏ ሞትም፣ በመበለትነቷም፣ በፀሐዩም ነበር፤ ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ፊቷ ላይ አልቆሙም፣ የቆመው እሱ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፀሐይ ስትበርድ እሷም በረደች፤ የእራት ድርሻውን ለብቻ አቅርባ፣ የሚወደውን እርጎ ጨምራ ጠበቀችው። አዝመራው ግን በዚያ ሲያልፉ ከነበሩ የጨው ነጋዴዎች ጋር ግመል እየነዳ ሄዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ አስካለ መጠበቅ ሥራዋ ሆነ። ነጋዴ መጣ በተባለ ቁጥር መንገድ ዳር ትወጣና የሚያልፉትን ጎረምሶች አንድ በአንድ ታይ ነበር። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ፣ ወይኑ እንደገና አቆጥቁጦ እንጨቱን ሲሸፍን፣ እሷ አሁንም ጢም የሌላቸውን ብቻ ነበር የምታየው። ልጇ ከእሷ ሲለይ በነበረበት ዕድሜ ላይ ልቧ ውስጥ ቆሞ ቀርቶ ነበርና፣ ጢማሞቹ በፊቷ ሲያልፉ ዓይኗ አያርፍባቸውም። ይህን ሲነግሩኝ አንጀቴን በላችኝ፤ እናት የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

እንደሚነገረው፣ አንድ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ከተማው ሁሉ በተኛበት ሰዓት፣ ነጭ ሻሽ በራሱና በፊቱ ላይ የጠመጠመ ሰው ከአስካለ ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» አለ።

«ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» አለች አስካለ።

ሰውየው ሻሹን ከፊቱ አወረደ፤ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ፣ ፊቱን በረሃ ያጠቆረው ሰው ነበር። ቶሎ አልገባም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሊሰማ የፈለገው ነገር እንዳለ ሁሉ ጥቂት ጠበቀ። እሷ ፀሐይ ያዞረው መስሏት ሰሌን አነጠፈችለት፣ ውሃ በቅል አቀረበችለትና እንግዳ ሲጠጣ ፊቱን ማየት ነውር ስለሆነ ዞር አለች። አንቱ ማለቷ ጢማም ሰው ስለሆነ ነው። እሱ ግን ከገዛ እናቱ አፍ አንቱታን ሲሰማ ምን እንደተሰማው ማን ያውቃል።

ጠጥቶ ትንፋሹ ሲመለስ ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ «ወይንዎ ያማረ ነው» አላት።

«ተመስገን። አንድ ዓመት እኩሌታው ደርቆብኝ ነበር፣ አሁን ተመልሷል።»

«ምን አደረቀው?»

አስካለ ልጇን በባዳ ሰው ፊት ማማት አልሆነላትም። «ፀሐይ ነዋ፣ ሌላ ምን ያደርቀዋል» አለችው።

ሰውየው ካቀረበችለት ሌማት እንጀራ ቆረሰ፤ አልጎረሰውም። እንደያዘውም፣ «ልጅ የለዎትም?» አላት።

ያ ጥያቄ ልቧን ወጋው፤ ግን እንግዳ ነው፣ እህል ይዟል፣ ሐዘን አይነገረውም። ፊቷን ወደ እንስራው መልሳ ውሃ የምትቀዳ አስመሰለችና፣

«የለኝም» አለችው።

የዘቢብ ሜዳ ልጅ ነበርና፣ በዚያ ቤት ለእንግዳ እውነት እንደማይነገር ማወቅ ነበረበት ይላሉ አንዳንድ ሽማግሌዎች፤ ልጁን ይወቅሱታል። እኔ አልወቅሰውም። ያን ሁሉ በረሃ የተሻገረው ስሙን ከአፏ ለመስማት ነበር፤ እሷ ደግሞ ጥፋቱን ለፀሐይ ሰጠች፣ እሱን የለም አለች። ልብ ሲቆስል ልማድ የሚያስታውስ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ቃሏን የጠበቀች መሰለው።

እንጀራውን ሌማቱ ላይ መልሶ አስቀመጠው። በዚህ መካከል ከላይ የውሃ ተራ መለወጡን የሚያበስረው ጥሩንባ ተነፋ፤ የአስካለ ተራ ደርሶ ነበር። መቆፈሪያዋን አነሳችና፣

«ይረፉ እንግዲህ። ውሃ ላይ ደርሼ ስመለስ እንጫወታለን፣ ያኔ ስምዎንም ይነግሩኛል» አለችው።

«ይሂዱ፣ ተራዎ እንዳያልፍ» አላት። ከእሱ የሰማችው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

በዚያን ጊዜ የውሃ አባት የነበረው አያ ይማም የሚባል ደግ ሽማግሌ ነበር። ከላይኛው ክትር አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ያ ሰው ሻሹን እየጠመጠመ ሲወጣ አየውና «በላህ፣ ጠጣህ?» ብሎ ጠየቀው። «ጠጣሁ» ሲለው ስም መጠየቅ የተፈቀደ ሆነ። «እንግዲያስ ማን ልበል?»

«አዝመራው እባላለሁ። የአስካለ ልጅ ነበርኩ።»

አያ ይማም ከደስታው ብዛት «ነበርኩ» የምትለውን ቃል አላስተዋላትም። አቅፎ ሳመው፣ አባቱንም እያነሳ መረቀው። «አሁን ወዴት ነው?» ሲለው «ነጋዴዎቹ ይጠብቁኛል» አለው፤ ሽማግሌውም ጓዙን አውርዶ ሊመለስ ነው ብሎ ለቀቀው።

ከዚያም እርጅናውን ረስቶ በቦዩ ዳር ቁልቁል ወረደ። አስካለ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ገብታ፣ ውሃውን ከሐረግ ወደ ሐረግ ትመልስ ነበር።

«እልል በይ እንጂ አስካለ! ምነው ዝም አልሽ?» አላት ከሩቅ።

«ምን ተገኘ፣ አያ ይማም?»

«ልጅሽን ለዓይንሽ ላበቃው አምላክ ነዋ! ጢሙ ደግሞ እንዴት አባቱን መስሏል!»

«አያ ይማም፣ በልጅ አይቀለድም» አለችው።

«ምን ቀልድ አለው? አሁን ከቤትሽ ወጥቶ እኔ ጋ ተሳስመን መለያየታችን ነው። አዝመራው ነኝ ብሎኛል።»

«ሻሽ የጠመጠመው?»

«አዎን፣ ነጭ ሻሽ።»

አስካለ ውሃው ውስጥ ቁጭ አለች። ቁጭ ብላም «የለኝም አልኩት» አለች። አያ ይማም አልገባውም። «ልጅ የለዎትም ሲለኝ የለኝም አልኩት፣ አያ ይማም። በገዛ ልጄ ፊት ልጅ የለኝም አልኩት።»

ከዚያ ተነስታ ሮጠች። ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ከአፏ አይወጣም ያለችውን ስም እየጠራች በተኛው ከተማ መካከል አለፈች፤ ሰው ሁሉ ደንግጦ ከየጥላው ተነሳ። ውሃው ያለ ጠባቂ ወይኑን ሞልቶ፣ አልፎ፣ ወደ አሸዋው ፈሰሰ፤ አንዲት ጠብታ ላባከነ የሚቆጣው አያ ይማምም ክትሩን ሳይዘጋ ከኋላዋ ይሮጥ ነበር። ጉብታው ላይ ሲደርሱ የነጋዴዎቹ ሠፈር ባዶ ነበር። የግመል ኮቴ ወደ ጨው ምድርም ወደ ባሕሩ ወደብም ይሄዳል፣ የቀትሩም ነፋስ አሸዋውን ሲያነሳ ቆይቶ የቱ የዛሬ የቱ የትናንት እንደሆነ የሚለይ አልተገኘም። ፈረስ ያለው በፈረሱ፣ ግመል ያለው በግመሉ ወጥቶ በየአቅጣጫው ፈለገው። ማንም አላገኘውም። አስካለ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጠራችው፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅዋ እንደ ቀድሞው አልተመለሰም ይባላል።

አዝመራው በጨው ምድር በጥም ሞተ የሚሉ አሉ። ወደቡ ደርሶ አግብቶ ወልዶ፣ አርጅቶ ሞተ የሚሉም አሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም እንጂ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ሐዘኑ ሲሰነብት አስካለ የውሃ አባቱና ሽማግሌዎቹ ሸንጎ ከሚቀመጡበት ዋርካ ሥር ሄዳ ቆመች። ሴት በዚያ ሸንጎ አትናገርም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ዝም በይ ሊላት የደፈረ አልነበረም። በዚያ በሻከረ ድምፅዋ፣ «ከእንግዲህ ስም ይቅደም» አለቻቸው።

ሽማግሌዎቹ አዘኑላት፣ ግን አልተቀበሏትም። አያ ይማም እንባውን እየጠረገ፣ «ልጄ፣ የአንቺ ሐዘን የሁላችንም ነው። ነገር ግን ስም ከቀደመ ደመኛ ይታወቃል፣ ደመኛ ከታወቀ ውሃ ይነፈገዋል። ስንት የሰው ልጅ ደጃችን ላይ በጥም ሊሞት ነው?» አላት።

«ስሙን ጠይቁት፣ ማንም ይሁን ማን ውሃውን ስጡት» አለች አስካለ። «እስካሁን ሳታውቁ ነበር የምትምሩት። አሁን እያወቃችሁ ማሩ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «አንቺስ ታደርጊዋለሽ?» አላት።

መልስ ሳትሰጥ ሄደች ይባላል። ሸንጎውም ነገሩን በይደር አቆየው።

ብዙም ሳይቆይ፣ እንደዚያው በቀትር፣ አንድ ሽማግሌ ምርኩዙን እየጎተተ ከአስካለ ደጃፍ ደረሰ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ደም ቋጥሮ ነበር። አስካለ ውሃውን በቅል ይዛ ወጣችና ደፉ ላይ ቆማ «ማን ልበል?» አለችው።

በዚያ አገር ይህን ጥያቄ ከውሃ በፊት የሰማ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። ቅሉን አየ፣ እሷን አየ፤ የማን ቤት እንደሆነ ያወቀው ያኔ ነበር። መዋሸት ይችል ነበር፤ ግን ጥሙ አቅም ነስቶት ይሁን ለሞት ቆርጦ፣ «ጓንጉል ነኝ» አላት።

አስካለ ቅሉን ወደ ደረቷ ሳበችው። ጎረቤቶቿ በየደጃፋቸው ቆመው ያዩ ነበር፤ ቅሉን አፈሰሰችው፣ ገለበጠችው ብለው ጠበቁ። እሷ ግን፣ «እናትህ ማን ትባላለች?» አለችው።

«ዘነቡ።»

«አለች?»

«በጣም አርጅታ፣ አለች። ወደ እሷ ነው የምሄደው።»

«ጠጣና ሂድላት» አለችው፤ ቅሉንም ሰጠችው።

አንዳንዶች ውሃው እኩሌታው በእጇ መንቀጥቀጥ ፈስሶ ነበር ይላሉ፤ ሌሎች አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም ብለው ይምላሉ። በዚህ ጉዳይ ሽማግሌዎቹ እኔ ፊት ተከራክረዋል። የተስማሙበት ግን ጓንጉል ጠጥቶ መሄዱን፣ አስካለም ቤቷ ገብታ እስከ ማታ ማልቀሷን ነው። በማግሥቱ ሸንጎው ተሰብስቦ «ስሙ ይቅደም፣ የእናቱም ስም ይጠራ፣ ውሃውም ለማንም አይነፈግ» ብሎ ደነገገ። ከወንዙ ማዶ ጋር የነበረው ደም የደረቀው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። አስካለ ግን ዕርቁም ሥርዓቱም ልጇን አልመለሱላትም፤ እስክትሞት ድረስ መንገድ ዳር ትወጣ ነበር፣ ያኔ የምታየው ግን ጢማሞቹን ነበር።

ሽማግሌዎቹ ተረካቸውን ጨረሱ። እኔም መቀየሜን አስቤ አፈርኩ። ያን ጊዜ የወይዘሮ ትርንጎ ልጅ ባጃጁን አቁሞ ወደ ቤት መጣ። ጠዋት ቁርሱን ያበላችው፣ ሸሚዙን የተኮሰችለት ልጅ ነው። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ እሱ ግን እንደ እንግዳ ደጃፉ ላይ ቆመ። ወይዘሮ ትርንጎ ከተቀመጠችበት ተነስታ ፊቱን ትክ ብላ አየችውና፣

«ማን ልበል?» አለችው።

«ናትናኤል።»

«የማን ልጅ?»

«ያንቺ» አላት።

«ግባ ልጄ» አለችና መንገዱን ለቀቀችለት።